ባንዱ ቀስ ያለበት ምሽት

አባቴ ላገባው ያሰብኩትን ኬስተንን በአካል አይቶት አያውቅም። ያየው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም በስልክ፣ ሁለቱንም ግማሽ ፊቱን። ኬስተን ስልክ አያያዝ አይችልበትም፤ ግንባሩን ያሳይና አገጩን ይቆርጠዋል።

«ይሄ ልጅ አፍ የለውም እንዴ?» አለኝ አባዬ ከደብረ ብርሃን፣ እየሳቀ። «ግንባሩን አይቻለሁ፤ ደህና ነው። የቀረውን እሑድ አሳይኝ። ያኔ ቃሌን እሰጥሻለሁ።»

እሑድ ማለት ካርኒቫል የሚሉት የጭፈራ በዓል ሰልፍ ማግስት ነበር። ያን እሑድ እንደ ሠርጌ ቀን ነበር የምጠብቀው። ምክንያቱም ታላቅ ወንድሜ ወንዳፍራሽ፣ እዚህ ባሕር ማዶ ስካይዌይ ሰፈር ያለው ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ዞሮ እስኪያየን ድረስ ከተጨቃጨቅን በኋላ፣ በመጨረሻ እንዲህ ብሎኝ ነበር። «አባዬ እሺ ካለ እኔ አፌን እዘጋለሁ። እምቢ ካለ ግን ያንን ልጅ ሁለተኛ እዚህ እንዳላየው።»

ወንዴ ኬስተንን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «ያ ልጅ» ነው የሚለው። የትሪኒዳድ ሰው መሆኑ አንድ ጥፋት ነው፤ ወደፊት ልጆቻችን በምን ቋንቋ እንደሚጸልዩ አለመታወቁ ሌላ ጥፋት ነው። ከሁሉም የከፋው ግን ካርኒቫሉ ነው። «ላባ ብቻ ለብሶ የሚወጣ ሕዝብ መሃል ምን ትሠሪያለሽ?» ይለኛል።

የእኔ ልብስ ግን እጅጌ ነበረው! ሬኒየር ቢች አንድ አሮጌ መጋዘን አለ፤ የትሪኒዳድና የግሬናዳ ሰዎች ለሰልፉ ልብስ የሚሠሩበት። «ማስ ካምፕ» ይሉታል። አንዱ ሽቦ ያጥፋል፣ አንዱ ላባ ያጣብቃል፣ አንዱ ይሰፋል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። የካምፑ አዛዥ ታንቲ ሜርል ነች፤ ታንቲ በእነሱ አክስት ማለት ነው። ከፋርማሲው ሥራዬ ስወጣ በቀጥታ ወደዚያ እሄድ ነበር። የሠራሁት ቀይ ወፍ ነው፤ የአገራቸው ወፍ። ክንፉ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። እጅጌና አንገት እንዲኖረው ስጠይቅ ታንቲ ሜርል ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ስሜ «መነኩሴዋ ወፍ» ሆኖ ቀረ።

ኬስተን ደግሞ የስቲልፓን ባንዱ መሪ ነው። ስቲልፓን የነዳጅ በርሜል ቆርጠው፣ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ድምፅ የሚያወጡለት መሣሪያ ነው። አባዬ ይህን ስነግረው አላመነኝም። እሱም በበኩሉ የማርሽ ባንድ መሪ ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው፤ ሻምበል አበጀ ሲባል ደብረ ብርሃን ላይ የማያውቀው የለም። «በርሜል ዜማ ያወጣል? እስቲ አሰሚኝ!» አለ። ኬስተን መታለት። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማና፣ «ጎበዝ ነው፤ ግን ይቸኩላል። እባክህን ቀስ በል በይልኝ» አለ።

ያ «እባክህን» ልቤን ቅር አሰኘው። አባዬ «እባክህን» የሚለው ለባዳ ነው። ለእኛ ለቤተሰቡ እባክህም እባክሽም አያውቅም፤ «ውሃ!» «ቀና በይ!» ነው፣ የባንድ መሪ ዱላው ከእጁ ያልወጣ ይመስል። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ «እባክሽ ማለቱን የተወ ቀን ነው የእውነት ያገባኝ» እያለች ትስቅበት ነበር።

እናቴን ካነሳሁ ስለ መሐላውም ልናገር። እሷ ስትሞት እኔ እዚህ ፈተና ላይ ነበርኩ። ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር፤ ወንዴ፣ ሚስቱ ፀዲ፣ ከፌደራል ዌይ የሚመጡት አክስቶቻችን ሁሉ። ፈተናዬን እስክጨርስ አብረውኝ ሲበሉ ሲስቁ ከረሙ። ከዚያ አንድ ማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሬን አንኳኩ። መርዶ እንዲህ ነው፤ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በጠዋቱ ይነገረዋል። ደግነት ነው ይላሉ። ይሁን። እኔ ግን እናቴ አፈር ውስጥ ሆና የሳቅሁት ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህን ስነግረው ኬስተን ክው አለ። እነሱ ዘንድ ሰው ሲሞት ሰፈሩ ወዲያው ይሰማል፤ አያቱ ያረፈች ዕለት ጎረቤት ሁሉ ካርታና ዶሚኖ ይዞ መጥቶ፣ እየዘመረ፣ የሟችን ቀልድ እያወራ አብሯቸው ሰነበተ።

«ማልልኝ» አልኩት። «ምንም ነገር ቢመጣ ያወቅህ ዕለት ትነግረኛለህ። አንተ እንኳ እንዲህ እንዳታደርገኝ።»

እጁን ስቲልፓኑ ላይ ጭኖ ማለልኝ። ለእሱ ፓኑ ላይ መማል መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ እንደ መማል ነው። እኔም በዓለም ላይ የማይዋሸኝ አንድ ሰው አገኘሁ ብዬ፣ ያን ቀን ደስታዬን የማደርስበት አጣሁ።

* * *

ቅዳሜ ሰልፉ ሲጀመር ፀሐይ ገና ወደ ባሕሩ አልወረደችም ነበር። የሐምሌ ምሽት እዚህ ብርሃኑ አያልቅም። የመሃል ከተማው መንገድ ግራና ቀኙ በሰው ተሞልቷል። ባንዱ ክፍት ጭነት መኪና ላይ ነው፤ እኛ ከኋላው እየጨፈርን እንከተላለን። ፊቴ፣ አንገቴ፣ ፀጉሬ ሁሉ ብልጭልጭ ተነስንሶበታል። ክንፌን ስዘረጋ ሰው ጮኸ። እንዲህ ቆንጆ ሆኜ አላውቅም፤ ለምን እዋሻለሁ?

ኬስተን ስልኩን ፓኑ መቆሚያ ላይ አስሮታል። መጀመሪያ እየቀረጸን መስሎኝ ነበር። ግን የስልኩ ፊት ወደ እሱ ነው። እየመታ ያየዋል፤ ቀና ብሎ እኔን ያየኛል፤ መልሶ ስልኩን ያያል። አንዴ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ከሆነ ሰው ጋር እያወራ ነበር! በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል፣ እኔ ፊቱ እየጨፈርኩ፣ እሱ ከሰው ጋር ያወራል።

ከዚያ መምቻውን ወደ ላይ አንስቶ ለባንዱ ምልክት ሰጠ። ባንዱ ቀስ አለ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ሕዝቡ እየዘለለ፣ ጨፋሪው ሁሉ ከምቱ ጋር እየሮጠ፣ ባንድ እንዲህ በድንገት ቀስ አይልም። የፊተኞቹ ቆሙ፤ የኋለኞቹ መጥተው ላያቸው ላይ ወደቁ። የእኔ ክንፍ ከአንዷ ክንፍ ጋር ተጠላልፎ ላባው ተነቀለ። ታንቲ ሜርል ከጎን ሆና በአገሯ ቋንቋ የምትሰድበውን ስድብ እግዜር ይቅር ይበላት።

«ምን ሆነሃል?» ብዬ ጮኽኩበት። «ፍጠን እንጂ!»

አየኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ ፊቱ ግን ፈገግ ብሎ ነበር። አልፈጠነም። እኔም እልህ ይዞኝ በዚያው በቀስታው ምት ክንፌን ዘርግቼ ተሽከረከርኩ፤ እያየሁት፣ እየተቆጣሁት።

ድንገት መምቻዎቹ አየር ላይ ቀሩ። ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። ከመቆሚያው ፈታው፤ ደረቱ ላይ አስጠግቶ መኪናው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ባንዱ ያለ መሪ ትንሽ ተንገዳግዶ ቀጠለ። ሰልፉ ሲያልቅ ኬስተን የለም። ስልኬ ላይ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው፦ «ነገ እመጣለሁ። እወድሻለሁ።»

አባቴ ሊያናግረው አንድ ቀን ሲቀረው ሌላ ሴት? ላባዬ ተነቃቅሎ መንገድ መሃል ቆሜ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተሸማቅቄ አላውቅም።

* * *

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ፣ ሌክ ሲቲ አፓርታማዬ ውስጥ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ ጠበቅሁ። ሙሉ ፊቱ እንዲታይ ብዬ ከሥሩ ሁለት መጽሐፍ አደረግሁለት። ኬስተን መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ከእሱ ጋር የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያውቀው አማርኛ «እሺ» እና «ና ብላ» ብቻ ነው።

«ትናንት ስላደረግኸው ነገር በኋላ እንነጋገራለን» አልኩት። «አሁን አባቴ ነው። ቀና በል።»

ደወልኩ። አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አባዬ ጋ አብሮ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ናሁም ጋም ደወልኩ፤ እሱም አያነሳም።

«ኔትወርክ ነው» አልኩ። «ሁሌ እንዲህ ነው። ቆይ።»

ኬስተን ተነስቶ መታጠቢያ ቤት ገባ። ውሃው ሲፈስ፣ ሲፈስ ሰማሁ። ሲወጣ ፊቱ ረጥቧል።

«ማን ናት?» አልኩት።

«ማን?»

«ስልክህ ላይ የነበረችው።»

«አዲስአለም… ሴት የለችም። በአያቴ እምላለሁ፣ ሴት የለችም።»

«ታዲያ ሐሳብህን ለውጠሃል? ንገረኝና ይለፍልኝ! አባቴ ፊት ካዋረድከኝ በኋላ አይደለም የምትነግረኝ!»

ሊናገር ነበር። ያኔ የእሱ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። የደዋዩን ስም አነበብኩት፤ ወንዳፍራሽ ይላል።

ወንዴ? ስሙን መጥራት የሚጠየፈው ወንድሜ፣ ኬስተን ጋ ይደውላል? ኬስተን ስልኩን አፈፍ አድርጎ በረንዳ ወጣ። በመስታወቱ አየዋለሁ፤ ግንባሩን በእጁ ይዞ «እሺ፣ እሺ» ይላል።

«ወንድሜ ምን አለህ?»

«ነገ ራሱ ይነግርሻል።»

«አንተ ንገረኝ!»

«ቃል አስገብቶኛል።»

«ለእኔ የገባኸውስ ቃል?» አልኩት።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ነገሩ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ወንዴ አስፈራርቶታል፣ እሱም ፈርቶ እሺ ብሏል፣ ሁለቱም ተስማምተው ሊተዉኝ ነው። «ሂድልኝ» አልኩት። ሄደ። ግን በመስኮት ሳይ መኪናውን አላስነሳም፤ እዚያው ፓርኪንጉ ውስጥ ተቀመጠ።

ፀዲ ደግሞ እየደጋገመች ትደውላለች። «በልተሻል? ሶ ነገ ሥራ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው? ኦኬ፣ ኦኬ፣ ቀድሜ ኮል አደርግልሻለሁ። ፌስቡክ ምናምን ይቅርብሽ፣ ተኚ።» በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ንግግር የምን እንደሆነ ወዲያው ይገባኝ ነበር። የተከዳች ሴት ግን ጆሮ የላትም። አባቴን እንኳ ረስቼ በኬስተን ተቃጥዬ ተኛሁ።

* * *

ሰኞ ገና ሲነጋ በሩ ተንኳኳ።

ከፈትኩ። ወንዴ ነው፤ ከጎኑ ፀዲ። ከኋላቸው የደብራችን ሽማግሌ ጋሽ ሙላቱ። ከእሳቸው ኋላ የፌደራል ዌይ አክስቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል።

ደረጃው ላይ፣ ከሁሉም ኋላ፣ ኬስተን ጥቁር ሱፍ ለብሶ ቆሟል።

የበሩን እጀታ ጨምድጄ ያዝኩ።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ሙላቱ፣ «ሁላችንም መንገደኛ ነን። አይዞሽ። አባትሽ ሻምበል አበጀ አርፈዋል።»

ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። ፀዲ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ግን እንባ የለኝም።

«መቼ?» አልኩ።

«እሑድ ንጋት ላይ» አለ ወንዴ።

የደብረ ብርሃን እሑድ ንጋት እዚህ ቅዳሜ ምሽት ነው። ቅዳሜ ምሽት እኔ ቀይ ላባ ለብሼ መንገድ መሃል ስሽከረከር ነበር። እጄ ሳላስበው ወደ አንገቴ ሄደ፤ ጣቴ ላይ ብልጭልጩ መጣ። ገና አልለቀቀኝም ነበር። ደግመው አደረጉብኝ! ሰዎቹን ገፍቼ ደረጃው ጋ ደረስኩ።

«አንተ መቼ ነው ያወቅከው?»

ኬስተን ዓይኑን አልሰበረም። «ያኔውኑ» አለ።

«እኔ ስጨፍር?»

«አዎ።»

«ትናንትም? ስልኩን ይዤ 'ኔትወርክ ነው' ስል? እያየኸኝ?»

«አዎ። አዲስአለም፣ ስሚኝ…»

«ፓንህ ላይ ምለህ ነበር!» ጩኸቴ ሕንፃውን ሞላው። «ሁሉም ይዋሹኝ፣ ለምጄዋለሁ፤ አንተ ግን ምለህልኝ ነበር። ውጣ! ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ!»

ደረጃውን ወረደ። በአንድ ማለዳ አባቴንም እሱንም አጣሁ። እንባ ግን አልመጣም፤ ደረቴ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ቁጭ አለ።

* * *

ለቅሶው ስካይዌይ ወንዴ ቤት ነበር። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። ሴቶቹ ፊቴን እያዩ ይጨነቃሉ። «አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ» ይሉኛል። «ምነው እንዲህ ደረቀች?» ሲባባሉም እሰማለሁ። ማልቀስ እንደማልችል ለማን ልንገር? እንባዬን የያዘው ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ንዴትም ነበር። አባዬን ላስብ ስል ራሴን ስጨፍር አያለሁ። ከዚያ የኬስተን ዓይን ይመጣብኛል።

ኬስተን ደግሞ አልሄደም። ከቤቱ ማዶ አጥሩ ጥግ ጥቁር ሱፉን ለብሶ ይቆማል። አይገባም፣ ውጣ ብዬዋለሁና። ጠዋት ይመጣል፤ ማታ ሰው ሲበተን ይሄዳል። ፀዲ ምግብ ልካለት ነበር አሉ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ታንቲ ሜርል መጣች። መጣች ከማለት ወረረችን ማለት ይሻላል። የማስ ካምፑን ሰዎች ሁሉ ይዛለች፤ አንዷ ድስት፣ አንዱ የዶሚኖ ሣጥን፣ አንዱ ካርታ። ከበሩ ጀምረው እየዘመሩ ገቡ። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ለቅሶ ቤት ዘፈን!

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጋሽ ሙላቱ ዶሚኖውን እያዩ።

«በአገራቸው ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም» አልኩ። «እየተጫወቱ፣ እየዘመሩ ነው የሚያመሹት።»

ጋሽ ሙላቱ አሰቡና፣ «ካርታውስ በእኛም ለቅሶ ቤት አለ» አሉ። «ዘፈኑን ብቻ ዝቅ ያድርጉልን።» ጋራዡ ውስጥ የተቀመጡት ወንዶች ቦታ ለቀቁላቸው።

ታንቲ ሜርል ግን ጋራዥ አልሄደችም። ፊቴ መጥታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ልጄን ውጭ ያቆምሽው አንቺ ነሽ?»

«ታንቲ፣ እያወቀ ደበቀኝ።»

«ደበቀኝ ትላለች! ያ ልጅ ሰው ሲሞት በዓይኑ አይቶ ለብቻው ተሸክሞ ከረመ። አንቺ ግን አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሽውም!»

«በዓይኑ? ማንን ነው ያየው?»

ታንቲ ሜርል ወደ ወንዴ ዞረች። ወንዴን አየሁት። ወንዴ አንገቱን ደፋ።

«ለእኔ መጀመሪያ የነገረኝ እሱ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ናሁም እንኳ ከመደወሉ በፊት። ቅዳሜ በቀጥታ እዚህ መጣ። ወደ አንቺ ሊሄድ ሲል የያዝኩት እኔ ነኝ። 'ብቻዋን ሆና ብትሰማ ምን ትሆናለች?' አልኩት። ሽማግሌ ሳይሰበሰብ ከነገርካት ይህን ደጃፍ አትረግጥም ብዬ… አስፈራራሁት። ሙሉውን አላውቅም፤ ለአንቺ ብቻ ነው የምናገረው አለኝ።»

በባዶ እግሬ ወጣሁ። መንገዱን ስሻገር ኬስተን ቀና አለ።

«ንገረኝ» አልኩት።

«ቅዳሜ ሰልፉ ሊጀመር ሲል ናሁም ደወለልኝ» አለ። «አባትሽ 'ልጄን ስትጨፍር አሳየኝ' ብለውታል። አልጋ ላይ ነበሩ። መታመማቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው። 'አትንገራት፣ በሰላም ትጨፍር' አሉ፤ ናሁም ነው ያስተረጎመልኝ። ሰልፉ ሲያልቅ እነግራታለሁ ብዬ ስልኩን ፓኑ ላይ አሰርኩት። ያን ዕለት ግን አስተካክዬ ነው የያዝኩት። ሙሉ ፊቴን አዩት።»

ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ያዘ።

«ከዚያ በስልኩ የጀርባ ካሜራ አንቺን አሳየኋቸው። ግን ምቱ ፈጣን ነበር፤ ቶሎ ቶሎ ከስልኩ ታልፊያለሽ፣ አይደርሱብሽም። ተቆጡኝ። እጃቸውን እንዲህ ወደ ታች አደረጉ፤ 'ሌንቶ!' አሉኝ።»

ሌንቶ። ይህን ቃል ማንም ባንደኛ ያውቀዋል፤ ቀስ በል ማለት ነው። አባዬ እኛንም ምግብ ላይ ስንቸኩል በዚሁ ቃል ነበር የሚቆጣን።

«ለዚህ ነው ባንዱን ቀስ ያደረግሁት። በጣታቸው ብርድ ልብሱን እየመቱ አዩሽ፤ ክንፍሽን ዘርግተሽ፣ እየተቆጣሽኝ ስትዞሪ። ሳቁ። ከዚያ… ጣታቸው ቆመ። እኔ አልቆምኩም፤ ጣታቸው እንደገና ይመታል ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ።»

የመንገዱ መኪና ሁሉ ድምፁ ጠፋብኝ። አባቴ አይቶኛል። ሲሞት ብቻዬን ስጨፍር አልነበርኩም፤ ለእሱ ነበር የጨፈርኩት፣ ሳላውቀው። አንድ ነገር ግን መጠየቅ ነበረብኝ።

«'ሌንቶ' ከማለቱ በፊት እባክህን አለህ?»

«ምን?»

«እባክህን። ፕሊስ። እንደዚያ ያለ ነገር ብሎሃል? ናሁም እንደዚያ ብሎ አስተርጉሞልሃል?»

ኬስተን ግራ ገብቶት አየኝ። «አይ። ይህንን ናሁም አላስተረጎመውም፤ በቀጥታ ለእኔ ነው የተናገሩት። ልመና አልነበረም፣ አዲስአለም። አዘዙኝ።»

ያኔ ድንጋዩ ተሰነጠቀ። ከአንጀቴ ወጥቶ የጮኸው የእኔ ድምፅ መሆኑን እንኳ አላወቅሁትም። አጥሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለአባዬ፣ ለእናቴ፣ ለዚያ ላልተነሳ ስልክ። ኬስተን አጠገቤ ተንበረከከ፤ ጥቁር ሱፉን ጨምድጄ ይዤው ነበር። «ቃልህን አፍርሰሃል» አልኩት በመሃል። «አዎ» አለ። «ገና አልማርኩህም።» «እሺ» አለ በአማርኛ። እንዴት ያለ እሺ ነው! እንደገና አለቀስኩ።

ቀና ስል ወንዴ በሩ ላይ ቆሟል። ከጀርባው ሴቶቹ፣ ጋሽ ሙላቱ፣ ታንቲ ሜርል። ምን ያህሉን እንደሰማ አላውቅም። ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«ኬስተን!» ብሎ ጮኸ፣ ልክ እንደ አባዬ። «ና! ወንበር አንሳ፤ ሰው ቆሟል!»